የቫን ጎግን «የቀትር ዕረፍት» ከጥቁርና ነጭ ተነስቶ መሥራት፦ ከንድፍ እስከ ቫርኒሽ

ሁለት አጫጆች ክምር ጥላ ሥር ተጋድመዋል። ወንዱ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ በጀርባው ተንጋሏል። ሴቲቱ ፊቷን ክንዷ ውስጥ ቀብራ ተኝታለች። አጠገባቸው ሁለት ማጭድና የወለቀ ጫማ አለ። ራቅ ብሎ ጋሪ ቆሟል፣ ከብቶች ይግጣሉ። የቀረው ገለባና ሰማይ ነው።

ይህን ሥዕል ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎግ የሠራው እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1889 እስከ ጃንዋሪ 1890 ባለው ጊዜ ነው። አሁን ፓሪስ፣ ኦርሴ ሙዚየም ውስጥ ተሰቅሏል። ልኩ 73 በ91 ሳንቲ ሜትር ነው። ወሩን ልብ በሉልኝ። በዲሴምበርና በጃንዋሪ ደቡብ ፈረንሳይ ብርድ ነው፣ አጨዳ የሚባል ነገር የለም። ሠዓሊው ደግሞ ሳን ሬሚ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ ሳን ፖል ደ ሞሶል በሚባል የአእምሮ ሕሙማን ማረፊያ ውስጥ ነበር። በሜይ 8 ቀን 1889 በራሱ ፈቃድ ነው የገባው። ፊቱ አጫጅም ሆነ የቀትር ፀሐይ አልነበረም። የነበረው አንድ የጥቁርና ነጭ ህትመት ነው።

ህትመቱ የዣን-ፍራንስዋ ሚሌ ንድፍ ነው። ሚሌ የገበሬ ልጅ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ገበሬ ሲስል ኖሮ በ1875 አረፈ። ንድፉን እንጨት ላይ ቀርጾ ለህትመት ያበቃው ዣክ-አድሪየን ላቪዬ ነው። ቫን ጎግ ይህን ህትመት ፊቱ አስቀመጠና ቀለሙን ከራሱ አወጣ። ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 1889፣ ስለዚህ አሠራር ለወንድሙ ለቴዮ ጽፎለታል። ጥቁርና ነጩን እንደ መነሻ ይይዛል፣ ቀለሙን እዚያው እየፈጠረ ይሄዳል። የቤትሆቨንን ሙዚቃ የሚጫወት ሰው የራሱን ስሜት እንደሚጨምር ሁሉ፣ እሱም እንደዚያ እንደሚሠራ ይናገራል። ቡሩሹ በጣቶቹ መካከል እንደ ቫዮሊን መምቻ ትሄድ እንደነበርም ይነግረዋል።

እንግዲህ ይህ ሥዕል ራሱ ቅጂ ነው። ግን ማንም ሰው ሲያየው «የቫን ጎግ ነው» ይላል። ቅርጹ የሚሌ ነው፣ ቀለሙና የቡሩሹ ምት የሱ ነው። ሥዕል ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ መለማመጃ የለም ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም እሱ ራሱ የሄደበትን መንገድ መሄድ ይቻላል። ብዙ ጀማሪ ባለቀለሙን ፎቶ ያትምና ቢጫውን ከቢጫ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ ሲያመሳስል ይውላል። እንደዚያ የተሠራ ቅጂ ፎቶውን ይመስላል፣ ሕይወት ግን የለውም። ሠሪውም ስለ ቀለም ምንም አይማርበትም። ስለዚህ እኛ ቀለሙን ደብቀን እንጀምራለን።

የሚያስፈልጋችሁ

በአክሪሊክም በዘይት ቀለምም ይሠራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሞክሩ አክሪሊክ ይሻላል፤ ቶሎ ይደርቃል፣ በውሃ ይታጠባል፣ ሽታ የለውም። የቫን ጎግን ወፍራም ቅብ ለማምጣት ግን አክሪሊኩ ውስጥ የሚገባ ማወፈሪያ ጄል ግዙ። አለበለዚያ ሲደርቅ ይሰምጥና ምቱ ይጠፋል። ዘይት የምትመርጡ ከሆነ ለማቅጠኛው ሽታ መስኮት ክፈቱ፣ ለመድረቂያውም በቂ ቀን ያዙ።

ቀለሞቹ ብዙ መሆን የለባቸውም። ቲታኒየም ነጭ፣ ሎሚ ቢጫ፣ ደማቅ ሞቃት ቢጫ፣ ኦከር (አፈር የመሰለ ቢጫ)፣ ብርቱካን የሚያደላ ቀይ፣ ወይን ጠጅ የሚያደላ ጥቁር ቀይ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ኮባልት ሰማያዊ፣ ቪሪዲያን አረንጓዴ። ጥቁር አትግዙ። ያላችሁም ከሆነ መሳቢያ ውስጥ ቆልፉበት። የነጩ ቱቦ ትልቅ ይሁን፤ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው።

ቫን ጎግ የተጠቀመበት ደማቅ ቢጫ ክሮም ቢጫ ይባላል። እርሳስ ስላለው መርዛማ ነው። ዛሬ ተመሳሳይ መልክ ያላቸው እርሳስ የሌለባቸው ቢጫዎች ስላሉ እሱን መፈለግ አያስፈልግም።

ቡሩሽ ሦስት ይበቃል፦ ጠፍጣፋና ጠንካራ ጸጉር ያለው መካከለኛ፣ ከሱ ያነሰ ጠፍጣፋ፣ እና አንድ ቀጭን ክብ። ለስላሳ የውሃ ቀለም ቡሩሽ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ወፍራም ቀለም አይሸከምም። ትንሽ ስፓቱላም (የቀለም መፋቂያ ቢላ) ያዙ።

ጥቁርና ነጩን ማዘጋጀት

ቫን ጎግ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነው የሥዕሉን ፎቶ ለመለማመጃ መጠቀም አያስጠይቅም። ጥራቱ ከፍ ያለ ፎቶ ፈልጉ። ከዚያ በስልካችሁ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። የላቪዬን ህትመት ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው፣ እሱን ተጠቀሙ።

በኤ4 ወረቀት ላይ 16 በ20 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ሁለት ቅጂ አትሙ። አንዱ መስመር ይሰመርበታል። ሁለተኛው ንጹሕ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ባለቀለሙን ፎቶ ደብቁት። ሥራው እስኪያልቅ እንዳታዩት።

አሁን ቡሩሽ ሳትነኩ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተመልከቱት። ምን ያህሉ ብርሃን፣ ምን ያህሉ ጥላ ነው? ሰዎቹ ያሉት በጥላው ውስጥ ነው። ፀሐዩ ያለው ከነሱ ውጪ፣ ከኋላ ባለው ማሳ ላይ ነው። የሥዕሉ ጉልበት ያለው እዚህ ነው። ሙቀቱን የምናውቀው ሰዎቹ ስለሸሹት ነው። ገጠር ያደገ ወይም አጨዳ ላይ የዋለ ሰው ይህን ለማስረዳት አይቸግረውም። የኅዳርና የታኅሣሥ ቀትር ላይ ክምር ሥር ያለች ያቺ ጠባብ ጥላ ምን ያህል እንደምትፈለግ ያውቃል።

ሸራ

ልኩ 40 በ50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከዋናው ሥዕል ምጥጥን ጋር እጅግ ይቀራረባል፣ በአራት ማዕዘን ለመከፋፈልም ይመቻል። የተወጠረ ሸራ መግዛት ትችላላችሁ። ካልሆነ ጥሩ አቡጀዲ በቂ ነው። መጀመሪያ ታጥቦ ይተኮስ፤ ሳይታጠብ ከተወጠረ በኋላ ይጨማደዳል። የእንጨት ክፈፉ ላይ ስትወጥሩት ከየጎኑ መሐል ጀምሩና ወደ ማዕዘኖቹ ሂዱ። ከማዕዘን ከጀመራችሁ ይጣመማል።

ከዚያ የሠዓሊ ጄሶ (ሸራውን ለቀለም የሚያዘጋጅ ነጭ ቅብ) በስሱ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይቀባ። እያንዳንዱ ሲደርቅ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ እሹት።

ነጭ ሸራ ላይ መጀመር ግን አልመክርም። ነጩ ዓይን ይሰብራል፣ ሁሉም ቀለም ከሱ ጋር ሲተያይ ጨለማ ይመስላል። ትንሽ አልትራማሪንና ጥቁር ቀይ በብዙ ውሃና ነጭ በጥብጡና ሸራውን ሁሉ በሐመር ወይን ጠጅ ሸፍኑት። ለምን ወይን ጠጅ? የሥዕሉ አብዛኛው ክፍል ገለባ ነው፣ ገለባ ቢጫ ነው። በቢጫው ምቶች መካከል ወይን ጠጁ ብቅ ሲል ቢጫው ይነድዳል። ምክንያቱን ቀለም ላይ ስንደርስ እመለስበታለሁ። ይህን ንብር በአክሪሊክ ሥሩት። ዘይት በአክሪሊክ ላይ ይቀባል፤ አክሪሊክ በዘይት ላይ ግን አይቀባም፣ ይላጣል።

ካሬ መስመርና ንድፍ

የታተመው ወረቀት ላይ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ መስመር አስምሩ። 8 ካሬ ወደ ታች፣ 10 ካሬ ወደ ጎን ይሆናል። ሸራው ላይ ደግሞ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ በጠመኔ ወይም በቀጭን ከሰል አስምሩ። ቁጥሩ እኩል ነው። ወደ ጎን ሀ፣ ለ፣ ሐ እያላችሁ፣ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ ምልክት ስጡ። ቫን ጎግም ትንሹን ህትመት ወደ ትልቅ ሸራ ሲያዛውር እንዲህ ያለ ካሬ መስመር የተጠቀመባቸው ሥራዎች አሉት።

ንድፉን ከሰዎቹ አትጀምሩ። መጀመሪያ የክምሩን ትልቅ ቅርጽ አስቀምጡ። ቀጥሎ ማሳው ከሰማዩ ጋር የሚገናኝበትን መስመር። ከዚያ የሁለቱን ሰዎች አካል እንደ አንድ ቁራጭ አድርጋችሁ ዙሪያውን ብቻ ንደፉ። ሁለቱ ተጠጋግተው ስለተኙ አንድ ቅርጽ ነው የሚሠሩት። ይህ ቅርጽ ልክ ከሆነ ውስጡን መለየት ቀላል ነው። ለየብቻ ከጀመራችሁ ግን አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ሆኖ ይወጣል።

የሰውየው አካል ላይ ጊዜ ስጡ። የተጋደመ ሰው ሲሳል የምናውቀውን እንጂ የምናየውን አንስልም። እግር ረጅም መሆኑን ስለምናውቅ እናስረዝመዋለን። ካሬዎቹን ቁጠሩ። ከባርኔጣው ጫፍ እስከ እግሩ ስንት ካሬ ነው? ክርኑ የትኛው መስመር ላይ ያርፋል? ዓይናችሁን ሳይሆን ካሬውን እመኑ።

ፊት የለም፣ ደስ ይበላችሁ። የሰውየው በባርኔጣ፣ የሴቲቱ በክንዷ ተሸፍኗል። ድካሙን የሚናገረው የአካሉ አጣጣል ነው። ትከሻው እንዴት መሬቱ ላይ እንደተለቀቀ፣ ክርኖቹ እንዴት እንደተከፈቱ እሱን ያዙ። ዝርዝር ጣት መሳል አያስፈልግም።

ሦስት ዓይነት ብርሃን

ንድፉ ሲያልቅ አልትራማሪንን በውሃ (ዘይት ከሆነ በማቅጠኛው) አቅጥኑና ጥላውን ብቻ ቀቡ። በደንብ የጨለመው፣ መካከለኛው፣ ብርሃኑ፤ ከሦስት በላይ አትለዩ። ንጹሑን ህትመት ከሩቅ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት፣ ሦስቱ ወዲያው ይለያሉ።

እዚህ ላይ ሥዕሉ በአንድ ቀለም ብቻ ትርጉም መስጠት አለበት። ሦስት ሜትር ርቃችሁ ስታዩት ሰዎቹ፣ ክምሩና ማሳው ካልተለዩ ወደ ቀለም አትሂዱ። ያልተስተካከለ ብርሃንና ጥላን የትኛውም ውብ ቀለም አያድነውም።

ቀለሙን መምረጥ

እዚህ ላይ በርጋታ እንሂድ፤ መመሪያውን የጻፍኩት ለዚህ ክፍል ብዬ ነው።

ፓሪስ ውስጥ ጎብላን የሚባል የታወቀ የምንጣፍና የግድግዳ ጌጥ ሽመና ሥራ አለ። ሚሼል-ኤዥን ሼቭረል የተባለ ኬሚስት እዚያ የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደክሟል የሚል ቅሬታ ይደርሰዋል። ክሩን ሲመረምረው ምንም ጉድለት የለበትም። ችግሩ ጎኑ የተሸመነው ቀለም ነበር። አንድ ቀለም አጠገቡ ባለው ቀለም የተነሳ ሌላ መስሎ ይታያል። ሼቭረል ይህን ግኝት በ1839 አሳተመው። ከዚያ ወዲህ የመጡት የፈረንሳይ ሠዓሊዎች፣ ኢምፕሬሽኒስቶቹም ከነሱ በኋላ የመጡት ፖስት-ኢምፕሬሽኒስቶችም፣ በዚህ ዕውቀት ተጠቅመዋል።

በተግባር እንዲህ ነው። ቢጫ ከወይን ጠጅ፣ ሰማያዊ ከብርቱካን፣ ቀይ ከአረንጓዴ ጋር ተቃራኒ ናቸው። ተቃራኒዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ያደምቃል። ሲደባለቁ ግን አንዱ ሌላውን ይገድላል፣ ግራጫ ይሆናሉ። ሁለቱም ባሕርይ ይጠቅማችኋል። ደማቅ እንዲሆን የምትፈልጉትን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ማደብዘዝ የምትፈልጉትን ከተቃራኒው ጥቂት ጠብታ ጨምሩበት። ጥቁር ቀለም ያላስፈለገው ለዚህ ነው።

«የቀትር ዕረፍት» በሁለት ጥንድ ላይ የቆመ ሥዕል ነው፦ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ባንድ ወገን፣ ቢጫና ብርቱካን በሌላው። ይህን ያህል ልንገራችሁ፣ ከዚህ በላይ ግን አልናገርም። የት የቱን እንደምታስቀምጡ የእናንተ ምርጫ ነው።

ምርጫውን ሸራው ላይ አትሞክሩ። ወፍራም ወረቀት ላይ 8 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ትናንሽ ሳጥኖች ሥሩ። በየሳጥኑ ክምሩን፣ ሰማዩን፣ መሬቱንና የሰዎቹን ቅርጽ ብቻ በአራት በአምስት ቀለም ሙሉ። አንደኛው ላይ ጥላውን ወደ ሰማያዊ ውሰዱ። ሁለተኛው ላይ ጥላውን ሞቃት አድርጉ፣ ብርቱካንና ቡናማ። ሦስተኛው ላይ ሰማዩን አረንጓዴ አድርጉት። ሦስቱን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ማታ እዩ፣ ጠዋትም እዩ። አንዱ ይጠራችኋል።

ስትመርጡ ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ጥላው ውስጥ መተኛት ያሰኛል? ጥላው ቀዝቀዝ ብሎ ካልታየ ማሳው አይሞቅም። ማሳው ካልሞቀ ደግሞ ሰዎቹ ለምን እንደተኙ አይገባም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጥላ ማለት ቀለም የሌለው ቦታ አይደለም። ጥላ ውስጥ ያለ ገለባም ገለባ ነው። ኦከር ላይ ትንሽ ወይን ጠጅ ጨምሩ፣ እዚያው ላይ በየቦታው ንጹሕ ቢጫ ምት ጣል አድርጉ፤ ገለባው ጥላ ውስጥ ሆኖም ያበራል።

የአቀባብ ቅደም ተከተል

ከሩቅ ወደ ቅርብ ሂዱ። ሰማይ መጀመሪያ። ቀጥሎ የሩቁ ማሳ፣ የሩቁ ክምሮች፣ ጋሪውና ከብቶቹ። ከዚያ ትልቁ ክምር፣ ከዚያ መሬቱ፣ ከዚያ ሰዎቹ። ማጭዱና ጫማው መጨረሻ።

ሰማዩን በአጭር ምት፣ ብዙ ሳታወፍሩ ቀቡ። ሰማያዊው አንድ ዓይነት አይሁን፤ ኮባልት ከነጭ ጋር፣ አልፎ አልፎ ትንሽ ወይን ጠጅ ወይም አረንጓዴ ይግባበት። ጋሪውና ከብቶቹ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ከሩቅ ናቸው፣ ሁለት ሦስት ምት ይበቃቸዋል። ዓይንና ቀንድ ልሥራ ካላችሁ የተመልካቹን ዓይን ከተኙት ሰዎች ትነጥቃላችሁ።

በዘይት የምትሠሩ የታችኛውን ንብር ቀጭን፣ የላይኛውን ወፍራምና ዘይታማ አድርጉ። ከተገለበጠ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በእያንዳንዱ ክፍል መካከል ጥቂት ቀን ይለፍ። እርጥብ ቢጫ ላይ እርጥብ ወይን ጠጅ ከጫናችሁ ጭቃ ነው የሚወጣው። አክሪሊክ ላይ ይህ ችግር የለም፣ ቡና እስኪጠጣ ይደርቃል።

የቡሩሹ ምት

ቫን ጎግን ቫን ጎግ የሚያደርገው ይህ ነው። ብዙ ሰው «ወፍራም ቀለም» ብቻ ይመስለዋል። ውፍረቱ ብቻውን ምንም አይደለም። ዋናው አቅጣጫው ነው። እሱ እያንዳንዱን ነገር በራሱ ጠባይ ይቀባዋል። ገለባ በሚተኛበት ይተኛል፣ ክምር በሚወርድበት ይወርዳል፣ ልብስ በሚታጠፍበት ይታጠፋል።

ክምር አይታችሁ ከሆነ ነዶው እንዴት እንደሚደረደር ታውቃላችሁ። ነዶ የራሱ አቅጣጫ አለው፤ ውሃ እንዲያንሸራትት ወደ ውጪ አዘቅዝቆ ይከመራል። ምታችሁ ያንን ይከተል። ከላይ ወደ ታች፣ ትንሽ ወደ ውጪ እያዘነበለ። መሬት ላይ የተበተነው ገለባ ግን ሥርዓት የለውም። አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። ሰዎቹ የተኙበት አካባቢ ላይ ምቱ የአካላቸውን ዙሪያ ይከተል፣ ገለባው በክብደታቸው ተጭኗልና።

ቡሩሹን በቀለም ሙሉ፣ አንድ ጊዜ አሳርፉና አንሱ። አትመላልሱት። አንድ ምት ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነካ ይሞታል፣ ጠርዙ ይጠፋል። ካልወደዳችሁት በስፓቱላ ፍቁና እንደገና አሳርፉ። ሁሉም ምት እኩል ርዝመት እንዳይኖረውም ተጠንቀቁ። አጭሩ፣ ረጅሙ፣ ወፍራሙ፣ ቀጭኑ ይቀላቀል። እኩል እኩል ከሆነ ጥልፍ ይመስላል።

ውፍረቱን ደግሞ መጥኑት። ብርሃን ያረፈበት ላይ ወፍራም፣ ጥላው ላይ ቀጠን ያለ። ወፍራም ቀለም የክፍሉን ብርሃን ራሱ ይይዛል። ፀሐይ የመታው ገለባ ጫፍ ላይ ቀለሙ ከፍ ብሎ ከቆመ መስኮቱን ስትከፍቱ ያበራል።

ልብሱ፣ ማጭዱና ጫማው

ለሰዎቹ ልብስ የመረጣችሁት ቀለም ምንም ይሁን፣ በገለባው ላይ ተለይቶ መታየት አለበት። ገለባችሁ ወደ ብርቱካን ካደላ ሰማያዊ ልብስ ብቻውን ጎልቶ ይወጣል። ነጭ የመሰለውን ጨርቅ በንጹሕ ነጭ አትቅቡ። ጥላ ውስጥ ያለ ነጭ ሐመር ሰማያዊ ወይም ሐመር ወይን ጠጅ ነው። እጥፋቱን ከታችኛው ሰማያዊ ጠቆር ባለ መስመር ያዙ። ዙሪያቸውን በሙሉ ግን በመስመር አትክበቡ። ትከሻው ገለባው ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ መስመሩ ይጥፋ፣ ክርኑ ላይ ይመለስ።

አሁን ወደ ማጭዱ። ሁለቱ ማጭዶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ጫማውም ጥንድ ነው። ሰዎቹም ሁለት ናቸው። ይህ ጥንድነት በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። አብረው ያጨዱ፣ አብረው ያረፉ፣ ሲነቁም አብረው የሚቀጥሉ ሰዎች መሆናቸውን ከዕቃዎቹ እናነባለን። ስለዚህ ይህችን ትንሽ ቦታ እንደ ሌላ ሙሉ ሥዕል ቁጠሯት።

የማጭዱን ስለት በአንድ ረጅም ቅስት ምት ሥሩት። እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ደጋግሙት። ቅስቱ ከእጀታው ሲነሳ ወፈር ይላል፣ ጫፉ ላይ ይሾላል። ብረቱ ግራጫ ነው ብላችሁ ነጭና ጥቁር አታስቡ። ሰማያዊ ላይ ትንሽ ብርቱካን ጨምሩ፣ ነጭ አግቡበት፤ የብረት ግራጫ ይወጣል። ገለባው ብረቱ ላይ ስለሚያንጸባርቅ በስለቱ አንድ ጎን ቀጭን ቢጫ መስመር ጣሉ። ማጭዱ ሥር ጠባብ ጥላ ካላደረጋችሁ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። እጀታው እንጨት ነው፣ ኦከርና ጥቁር ቀይ ይበቃዋል።

ጫማው ከባድ ይሁን። ያረጀ የሥራ ጫማ ቅርጹን ከእግር ይወስዳል፤ ወልቆም የለበሰውን ሰው ይመስላል። አፉን በጥቁር ወይን ጠጅ አጥቁሩ፣ ጠርዙን በአንድ ደማቅ ምት ክፈቱ። እዚያ ላይ አቁሙ።

ማቆሚያውና መድረቂያው

ሥዕሉን ገልብጣችሁ፣ ራሱን ወደ ታች አድርጋችሁ እዩት። በመስታወትም እዩት። ስህተት ካለ ያኔ ይጋለጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው ነገር ወይ የጥላው ጠርዝ መለስለሱ ወይ አንድ በጣም የሚጮህ ቢጫ ነው። የሚጮኸውን በትንሽ ወይን ጠጅ ዝም አሰኙት።

አክሪሊክ ከሆነ ወፍራሙ ውስጡ ድረስ እስኪደርቅ ጥቂት ቀናት ጠብቃችሁ ቫርኒሽ ማድረግ ትችላላችሁ። ወፍራም ዘይት ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ብዙ ይቆያል። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ሳይሞላው ቫርኒሽ አትቀቡት። ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው፣ አቧራ የማይበዛበት ቦታ አስቀምጡት።

ፊት ለፊቱ ላይ የቫን ጎግን ስም እንዳትጽፉ። በጀርባው «ከሚሌ፣ በቫን ጎግ በኩል» ብላችሁ የራሳችሁን ስምና ቀኑን ጻፉ። ለሽያጭ ብታቀርቡት እንኳን ገዢው ምን እንደሚገዛ በግልጽ ያውቃል።

አሁን ባለቀለሙን ክፈቱ

እስካሁን የደበቃችሁትን ፎቶ አውጡና ከእናንተው ጎን አስቀምጡ። «ትክክል አገኘሁ ወይ» ብላችሁ አትመልከቱ። እናንተ ሰማያዊ ያደረጋችሁትን እሱ ምን አደረገው? እናንተ የፈራችሁት ቦታ ላይ እሱ ምን ያህል ደፈረ? እነዚህን በማስታወሻ ጻፉ። እጃችሁ ላይ አንድ ጊዜ የተሠራ ውሳኔ ከሌላ ሰው ውሳኔ ጋር ሲነጻጸር ነው ቀለም የሚገባችሁ።

አንድ ጥንቃቄ። ቫን ጎግ ከተጠቀመባቸው ቀይ ቀለሞች አንዳንዶቹ በብርሃን የሚደበዝዙ ነበሩ። በበርካታ ሥዕሎቹ ላይ ወይን ጠጅ የነበረው ዛሬ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። የመኝታ ክፍሉ ሥዕል ላይ ያለው ግድግዳ ለዚህ ታዋቂ ምሳሌ ነው። ክሮም ቢጫም በጊዜ ይጠቁራል። ስለዚህ የሱ ሥዕል ላይ ያነሰ ወይን ጠጅ ብታዩ፣ የእናንተው ከልክ በላይ በዛ ብላችሁ አትቸኩሉ።

ቀጥሎ

ከሚሌ የተወሰደው ይህ ሥዕል ብቻውን አይደለም። የቀኑ አራት ሰዓታት የሚባል ስብስብ አካል ነው፦ ጠዋት ወደ ሥራ መውጣት፣ ቀትር፣ የሥራ ማብቂያ፣ ምሽት። ቫን ጎግ አራቱንም ቀብቷቸዋል። ቀትሩን የጨረሰ ሰው ወደ ምሽቱ ቢሄድ ጥሩ ነው። እዚያ ብርሃኑ ከመብራት ስለሚመጣ ጥላው ሁሉ ይለወጣል፤ የቀትሩ ምርጫችሁ አያገለግልም፣ ከሦስቱ ትናንሽ ሳጥኖች እንደገና መጀመር ግድ ነው።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ከራሳችሁ ፎቶ ሥሩ። አርሲ ወይም ጎጃም ዘመድ ያለው ሰው አጨዳ ላይ ፎቶ ማንሳት ይችላል። ውጪ አገር ያላችሁም የቤተሰብ አልበም ውስጥ የቆየ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አታጡም። ሰዎቹን አስፈቅዱ። ቆመው ካሜራ ከሚያዩበት ይልቅ ሲያጭዱ፣ ነዶ ሲያስሩ ወይም ክምር ሥር ሲያርፉ የተነሱትን ምረጡ። ብርሃንና ጥላው በደንብ የተለየ ይሁን። በ16 በ20 አትሙት፣ ካሬውን አስምሩ፣ ሸራውንም ገለባው ከሚሆነው ቀለም ተቃራኒ በሆነ ሐመር ቀለም ሸፍናችሁ ጀምሩ።